የራስን መኪና ይዞ ከቴክሳስ እስከ ፓናማ፦ ድንበር ላይ ምን ይጠብቀናል?

የጠባሴ ልጅ

ሰላም የሸዋ ልጆች። አሁን ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ እናቴን ልጠይቅ መጥቼ። ኑሮዬ ሂዩስተን ነው። እኔና ባለቤቴ ስናስበው የኖርነው ጉዞ አለ፣ ዘንድሮ ቆርጠናል። በራሳችን መኪና ከቴክሳስ ተነስተን ሜክሲኮን አቋርጠን፣ ጓቲማላ፣ ኤል ሳልቫዶር፣ ሆንዱራስ፣ ኒካራጓ፣ ኮስታ ሪካ እያልን ፓናማ ድረስ እንወርዳለን፤ በዚያው መንገድ እንመለሳለን። ሁለታችንም የአሜሪካ ፓስፖርት ነው የያዝነው። መኪናዋ የ2016 ቶዮታ ፎርራነር ናት፣ በእኔ ስም ነች።

መንዳቱ አያሳስበኝም። በጣርማ በር ጉም መንዳት የለመድኩ ሰው ነኝ። የጨነቀኝ ድንበሩ ነው። ከአሜሪካ መውጫ ጀምሮ ሰባት ድንበር አለ፣ መመለሻውን ሳንቆጥር። ያነበብኩት ሁሉ እርስ በርሱ አይስማማም። አንዱ ካርኔ (መኪናው ተመልሶ ለመውጣቱ ዋስትና የሚሆን የጉምሩክ ሰነድ) ያስፈልጋል ይላል፣ ሌላው አያስፈልግም ይላል። አንዱ ቶሎ አለፍኩ ሲል ሌላው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ዋልኩ ይላል። ደላላ ይከብሃል፣ ካልከፈልክ አታልፍም የሚሉም አሉ።

በዚህ መስመር የሄደ ወይም እዚያ የኖረ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ምን ወረቀት ልያዝ? በየድንበሩ ምንድን ነው የሚደረገው? ከገንዘብስ ምን ያህል፣ በምን መልክ?

ታች ደብረ ሲና

ወንድሜ፣ እንኳን ለእናትህ አበቃህ። እኔ ከዳላስ በራሴ መኪና ፓናማ ወርጄ ተመልሻለሁ። የማውቀውን ልንገርህ፣ ይረዝማል ግን ታገሠኝ።

ካርኔን እርሳው። እኛ አገር መኪና ይዞ የሚመጣ ቱሪስት የሚጠየቀው ካርኔ እዚያ አያስፈልግም። በምትኩ እያንዳንዱ አገር ድንበሩ ላይ የራሱን ጊዜያዊ የማስገቢያ ፈቃድ ይሰጥሃል። ፈቃዱ የሚለው ይህን ነው፦ ይህ መኪና ቀረጥ ሳይከፈልበት ገብቷል፣ ያስገባው እገሌ ነው፣ እስከዚህ ቀን ይዞት ይወጣል። ጣጣው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። እነሱ የሚፈሩት መኪናውን እዚያው ሸጠህ እንዳትሄድ ነው። ይህን ከተረዳህ ለምን ያንን ሁሉ ወረቀት እንደሚጠይቁህ ይገባሃል።

አንድ ድንበር ስትደርስ ሁለት ድንበር አለ ብለህ አስብ። መጀመሪያ የምትወጣበት አገር ነው። ኢሚግሬሽን ሄደህ ፓስፖርትህ ላይ መውጫ ታስመታለህ፣ ከዚያ ጉምሩክ ሄደህ የመኪናውን ፈቃድ ታዘጋለህ። እነሱ ጉምሩኩን አዱዋና ነው የሚሉት፣ ምልክቱን ፈልግ። ከዚያ ድልድይ ወይም ባዶ ቦታ ትሻገራለህ። በዚያኛው በኩል ጎማህን መድኃኒት ይረጩልህና ደረሰኝ ይሰጡሃል። ደረሰኙን አትጣለው፣ ጉምሩኩ ይጠይቅሃል። ኢሚግሬሽን ያስገባሃል፣ ጉምሩክ አዲስ ፈቃድ ይሠራልሃል፣ ኢንሹራንስ ግዴታ በሆነበት አገር ኢንሹራንሱን እዚያው ትገዛለህ። በቃ፣ በሁሉም አገር ይኸው ነው። የሚለያየው መስኮቶቹ የተበተኑበት ቦታና የሚጠይቁት ኮፒ ብዛት ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ መግቢያው ነው። እኔ ግን ስለ መውጫው ተጨነቅ እልሃለሁ። ለመግባት ስትል ፈቃድ ሳታወጣ ፖሊሱ አያሳልፍህም፣ ስለዚህ አትረሳውም። ስትወጣ ግን ብዙ ቦታ «ፈቃድህን አዘጋህ?» ብሎ የሚያስቆምህ የለም። ዝም ብለህ ነድተህ ልትሄድ ትችላለህ። ከዚያ ኮምፒውተራቸው ላይ መኪናህ እዚያው አገር ቀርቷል ማለት ነው። አንተ ደግሞ በዚያው መንገድ ነው የምትመለሰው። በመመለሻህ ያን መኪና ይዘህ ልግባ ስትል ያለፈው ክፍት ነው ተብለህ ትያዛለህ፣ ቅጣትም አለው።

ሜክሲኮ ላይ ይህ ነገር በገንዘብ ነው የሚመጣብህ። እዚያ ፈቃዱን የሚሰጠው ባንሄርሲቶ የሚባል ባንክ ነው። ለ2007 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ ላለው መኪና 400 ዶላር ያስይዝሃል። ከ2001 እስከ 2006 ላለው 300፣ ከዚያ በፊት ላለው 200 ነው። ፈቃዱ ረጅሙ 180 ቀን ነው። ቀኑ ሳያልፍ አዘግተህ ከወጣህ ገንዘብህ ይመለሳል፣ ካላዘጋህ ቀለጠ። በላ ሜሲያ በኩል ወደ ጓቲማላ ለመግባት ካሰብክ ደግሞ የሜክሲኮው ቢሮ ከጓቲማላው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ቀደም ብሎ ነው ያለው። ሳታየው አልፈኸው ትሄድና ጓቲማላ በር ላይ ስትደርስ ተመለስ ትባላለህ። በዚያው መንገድ ስለምትመለስ ፈቃዱን ክፍት ትቼ ልሂድ ትል ይሆናል። ለእኔ ግን አዘግቶ ወጥቶ፣ ሲመለሱ አዲስ ማውጣት ነው እንቅልፍ የሚሰጠው።

ሌላው፣ ፈቃዱ ተጽፎ ሲሰጥህ ከመስኮቱ ፈቀቅ አትበል። እዚያው ቆመህ በጣትህ እየተከተልክ አንብበው። ስምህን፣ የፓስፖርት ቁጥርህን፣ ታርጋህን፣ ከሁሉም በላይ የሻንሲ ቁጥሩን። 17 ፊደልና ቁጥር ነው። አንድ ነገር ያዝ፦ በሻንሲ ቁጥር ውስጥ ኦ፣ አይ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት በፍጹም አይገቡም፣ ከዜሮና ከአንድ ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ። ጸሐፊዋ ዜሮውን ኦ አድርጋ ከጻፈችው ወረቀቱ ስህተት ነው፣ ያኔውኑ አሳርም። አንድ ድንበር ላይ ከእኔ ፊት የነበረ ሰው ሳያየው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። እኔ የእኔን ሳነብ እሱም ዘርግቶ አየው፣ አንዲት ቁጥር ተዘላለች። እዚያው በአምስት ደቂቃ ታረመለት። በሚቀጥለው ድንበር ላይ ቢሆን ኖሮ ማን ያርምለታል?

የሸዋሮቢቱ ሹፌር

የጠባሴ ልጅ፣ እኔ መካከለኛው አሜሪካን አላየሁም። የጂቡቲ መስመር ሹፌር ነኝ፣ የድንበሩን ኬላ ጋላፊን ግን እንደ ቤቴ ነው የማውቀው። ታች ደብረ ሲና የጻፈውን ሳነብ ሥራው አንድ ነው። ስለዚህ ከሹፌር አንድ ሁለት ነገር ልበል።

ሁለት ሰው ናችሁ፣ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። አንዱ ወረቀት ይዞ ሲዞር አንዱ ከመኪናው አይለይ። መኪና ብቻውን አይቆምም። የሚዞረው ሰው ወረቀቱን በአንድ ማኅደር ይያዝ፣ ብሩን ግን በሌላ ኪስ። መስኮት ላይ የገንዘብ ቦርሳ አይከፈትም።

ደላላውን በተመለከተ፣ እኛ ዘንድ ትራንዚተር አለ፣ ሕጋዊ ነው፣ ፈቃድ አለው፣ ለሥራው ይከፈለዋል። በር ላይ የሚንጠለጠለው ግን ሌላ ነው። የምታናግረው ከሆነ ሥራ ሳይጀምር ዋጋውን ቁረጥ፣ ሥራው ሲያልቅ ክፈል። ፓስፖርትህንና ሊብሬህን በእጁ አትስጥ። አብረኸው ሂድ፣ መስኮት ላይ አንተ ራስህ ስጥ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። እኛ ጂቡቲ ስንገባ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባል ኢንሹራንስ አለ፣ ከአገር ቤት ይዘን እንወጣለን፣ እዚያም ይሠራል። እነሱ ዘንድ እንደዚህ ያለ የለም ወይ?

ታች ደብረ ሲና

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ያልኩት ሁሉ በአንተ ቋንቋ ይበልጥ ያምራል። እንደ ቢጫ ካርዱ ሁሉን የሚሸፍን እዚያ የለም። የየአገሩ ለየብቻ ነው። ሜክሲኮ የራሷን ትፈልጋለች፣ የአሜሪካው እዚያ አይሠራም፤ በኢንተርኔት ቀድሞ መግዛት ይቻላል። ኒካራጓ ድንበሩ ላይ ለ30 ቀን 12 ዶላር አካባቢ ያስገዙሃል። ኮስታ ሪካም ፓናማም ግዴታ ነው፣ ካልገዛህ ፈቃዱን አይሠሩልህም። ቤሊዝ በኩል የሚዞርም እንደዚሁ ሲገባ ይገዛል። ጓቲማላ፣ ኤል ሳልቫዶርና ሆንዱራስ ላይ ድንበሩ ላይ አስገድዶ የሚያስገዛህ የለም። ያም ሆኖ አደጋ ቢደርስ ጣጣው የአንተ ነው፣ እነሱን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ቀድመህ ፈልግ።

ስለ ደላሎቹ ጋሼ ያለው ትክክል ነው። እነሱ ትራሚታዶር ይሏቸዋል። አንዳንዱ ጨዋ ነው፣ ሥራውን ያውቃል፣ ስፓኒሽ ለማይችል ሰው ይጠቅማል። አንዳንዱ ደግሞ የሌለ ክፍያ ይፈጥራል። መለያው ደረሰኝ ነው። የመንግሥት ክፍያ ሁሉ ደረሰኝ አለው፣ ብዙ ቦታም የሚከፈለው ባንክ መስኮት ላይ ነው። የጓቲማላ ፈቃድ ለምሳሌ 160 ኬትሳል ነው፣ ከፍለህ ደረሰኙን ትመልሳለህ፣ ከዚያ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ይሰጥሃል።

ስትወጣ ያንን እንደ ቦሎ የተለጠፈ ወረቀት ራስህ አትላጠው፣ ጉምሩኩ ነው የሚያነሳው።

የጠባሴ ልጅ

እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ጋሼ ሹፌሩ፣ ማኅደሩን ዛሬውኑ እገዛለሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ መኪናዋ ላይ ጥቂት የባንክ ዕዳ ቀርቶኛል፣ ዋናው ታይትል (የባለቤትነት ወረቀቷ) ባንኩ ዘንድ ነው። ሁለተኛው ከባድ ነው። እናቴ አርጅታለች። እዚያ ሳለሁ አንድ ነገር ተፈጠረ ብባል፣ ኒካራጓም ልሁን ፓናማ፣ በማግስቱ አውሮፕላን ላይ መሆን አለብኝ። መኪናዋን ባለቤቴ ጋ ትቼ መሄድ እችላለሁ? ወይስ መኪናው ያስረኛል? ይህን ሳላውቅ አልነሳም።

እህተ አንኮበር

ወንድሜ፣ ለእናታችን ዕድሜና ጤና ይስጥልን። በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ኮስታ ሪካ፣ ሳን ሆሴ ኖረናል። ከልጆች ጋር በመኪና ወደ ኒካራጓም ወደ ፓናማም ስንመላለስ ነበር። የሁለተኛው ጥያቄህ መልስ፦ አዎ፣ መኪናው ያስርሃል። ፈቃዱ በአንተ ስምና ፓስፖርት ነው። ፓናማ ጭራሽ ፓስፖርትህ ላይ መኪና ይዘህ እንደገባህ ማህተም ያደርጉበታል፣ ከዚያ ያለ መኪናው ኤርፖርት ብትሄድ ትጠየቃለህ።

ግን መላ አለው። ኮስታ ሪካ ላይ ከሆንክ መኪናውን የጉምሩክ ፈቃድ ያለው መጋዘን ውስጥ ታስገባለህ፣ ጉምሩኩ ፈቃድህን ባለበት ያቆመዋል፣ አንተ ትበርራለህ። ስትመለስ የቀረው ቀን ይቀጥልልሃል። መጋዘኑ በቀን ያስከፍላል፣ ግን ከዚያ ጭንቀት ይሻላል። ሌሎቹ አገሮች ላይ ስትገባ መስኮቱ ላይ «ድንገት በአውሮፕላን መውጣት ቢኖርብኝ ምን ላድርግ?» ብለህ ጠይቅ፣ ቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም። እኔ ብሆን ግን ሌላም አደርግ ነበር። የመኪናውን ታይትል በሁለታችሁም ስም አዙሩት፣ ፈቃዱንም በአንዳንድ አገር በባለቤትህ ስም አውጡት። አንተ ነፃ ትሆናለህ፣ ቢመጣ የሚሄደው አንተ ነህና። በአንተ ስም ብቻ ከቀረ ደግሞ ለእሷ ውክልና ሥራላት፣ ኖታሪ ዘንድ የተረጋገጠ፣ ወደ ስፓኒሽ የተተረጎመ። ፈቃዱ ሲወጣም እሷም ትነዳለች ብለህ ስሟን አስገባ።

ስም ካልን ደግሞ ይህን ማንም ፈረንጅ አይጽፍልህም፣ የእኛ ችግር ነው። ሚስት በባሏ ስም አትጠራም እኛ ዘንድ። ልጅ የአባቱን ስም ነው የሚይዘው። ስለዚህ አባት፣ እናትና ልጅ በሦስት የተለያየ የመጨረሻ ስም መስኮት ላይ ትቀርባላችሁ። እነሱ ይገርማቸዋል፣ ልጅ ይዘህ ከሆነ ይጠረጥራሉም። የጋብቻ ወረቀት ኮፒ፣ ልጅ ካለም የልደት ወረቀት ያዙ። ሌላው ደግሞ ወልደ፣ ገብረ፣ ተክለ፣ ኃይለ የሚል ስም ያለበት ሰው ነገር ነው። ፓስፖርቱ ላይ ለሁለት ተከፍሎ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ተገጣጥሞ፣ ታይትሉ ላይ ግማሹ ተቆርጦ ይገኛል። እኛ አንድ ስም ነው እንላለን፣ ጸሐፊው ግን ሁለት ሰው ነው የሚያየው። የባለቤቴ ስም እንዲህ ነው፣ የድንበሩ ሰውዬ ታይትሉንና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን አድርጎ በእስክሪብቶ ጫፍ ፊደል በፊደል ሲያስተያይ ላብ አጥምቆናል። ከመነሳትህ በፊት ሦስቱንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ አስተያይ፣ የተለየ ካለ እዚያው ቴክሳስ አስተካክል።

ታች ደብረ ሲና

እህታችን ያለችውን የስም ነገር በደንብ ያዝ፣ እኔ ያላሰብኩት ነው።

ስለ ባንኩ፣ ጥቂት ከቀረህ ከፍለህ ጨርስና ታይትሉን በእጅህ አድርገው። ካልሆነ ባንኩ መኪናው ከአገር እንዲወጣ የፈቀደበት ደብዳቤ ያስፈልግሃል፣ ሜክሲኮም ይጠይቅሃል፣ ባንኮቹ ደግሞ ይህን ደብዳቤ በቀላሉ አይሰጡም። ዋናውን ታይትልና የዘንድሮውን ምዝገባ ሁለቱንም ያዝ። ዋናውን ታሳያለህ፣ የምትሰጠው ኮፒ ነው። የፓስፖርት፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የታይትልና የምዝገባ ኮፒ በብዛት ሠርተህ ሂድ። መኪና ውስጥ አንዲት ትንሽ ማተሚያ የሚይዙ ሰዎች አይቻለሁ፣ የሚያስቀኑ ነበሩ። ምክንያቱም ሆንዱራስ ላይ አሁን የተመታልህን የመግቢያ ማህተም ኮፒ አምጣ ይሉሃል፣ ያንን ቤትህ ሆነህ ልትሠራው አትችልም። ኮፒ ቤቱ መንገድ ዳር አለ፣ ሳንቲም ያዝ።

የሚከብደውን ቀን አሁን ልንገርህ። ኤል ሳልቫዶርን ጨርሰህ በኤል አማቲዮ ሆንዱራስ ትገባለህ፣ ከዚያ በጓሳውሌ ወደ ኒካራጓ ትወጣለህ። በዚህ መስመር ሆንዱራስ ውስጥ የምትነዳው ከ150 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ ብዙ ሰው ሁለቱን ድንበር በአንድ ቀን ልጨርስ ይላል። ይቻላል፣ ግን እዚያው ኤል ሳልቫዶር ሳን ሚጌል ከተማ አድረህ ማለዳ መነሳት አለብህ። ኤል አማቲዮ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ የእኛ ደጋ ሰው አይችለውም። ከድልድዩ በፊት የጭነት መኪና ሰልፍ ታያለህ፣ ኪሎ ሜትሮች ይረዝማል። እሱ ሰልፍ የአንተ አይደለም። እኔ ከኋላ ተሰልፌ እያለሁ የትሬለር ሹፌር ነው በእጁ እለፍ እለፍ ብሎ ያሳየኝ። የቤት መኪና በግራ በኩል በቀስታ አልፎ ወደ ፊት ይሄዳል። ሁለቱን በአንድ ቀን ካልቻልክ ሆንዱራስ ውስጥ ቾሉቴካ እደር፣ በጨለማ ድንበር አትሻገር።

ሆንዱራስ ፖሊስ ሲያስቆምህ የእሳት ማጥፊያና የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን ይጠይቃል። ከሌለህ ቅጣት ነው። ከቴክሳስ ገዝተህ ሂድ፣ በቀላሉ የሚወጣ ቦታ አስቀምጠው። ኒካራጓ ድሮን አይገባም፣ ካገኙብህ ይወስዱታል። ቤትህ ተወው፣ ጭራሽ አትያዘው።

ቀኑን በተመለከተ፣ ጓቲማላ፣ ኤል ሳልቫዶር፣ ሆንዱራስና ኒካራጓ በ2006 እ.ኤ.አ. የተስማሙበት ነገር አለ፣ ሲ ኤ ፎር ይሉታል። ለሰው የሚሰጠው 90 ቀን ለአራቱም አንድ ላይ ነው። ጓቲማላ ስትገባ መቁጠር ይጀምራል። የመኪናው ፈቃድ ግን በየአገሩ ለየብቻ ነው፦ ጓቲማላ 90 ቀን፣ ኒካራጓ 30። የሰውን ቀንና የመኪናን ቀን አታምታታ፣ ብዙ ሰው የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። ኮስታ ሪካና ፓናማ ከስምምነቱ ውጭ ናቸው።

ገንዘብ ትንንሽ የዶላር ኖት ይሁን፣ አንድ፣ አምስት፣ አሥር። ኤል ሳልቫዶር ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መገበያያዋ ዶላር ነው፣ ፓናማም ዶላር ይሠራል። ለቀሩት ድንበር ላይ የሚመነዝሩ ሰዎች አሉ። የዕለቱን ምንዛሪ ስልክህ ላይ አይተህ ሂድ፣ ለዕለቱ የሚበቃህን ብቻ መንዝር፣ በራስህ ስልክ አስላ እንጂ በእነሱ ማሽን አይሁን።

ጣርማ በርን ካነሳህ ደግሞ ኮስታ ሪካ ውስጥ ሴሮ ዴ ላ ሙዌርቴ የሚባል ተራራ አለ። የፓን አሜሪካን መንገድ እዚያ ላይ ከ3,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ጉሙ ሲወርድ፣ ትሬለሩ ድንገት ከፊትህ ሲወጣ፣ የበርዱ ሽታ ሳይቀር ጣርማ በር ነው። እኔ እዚያ ቆሜ አገሬን ነው ያየሁት። ካልፈለግከው የባሕር ዳርቻው መንገድ አለ፣ ሜዳ ነው። ግን አንተ ሂድበት፣ ቀን ላይ።

መንዜው

ይህን መንገድ አውቀዋለሁ፣ በተቃራኒው ነው ያለፍኩት። ከብራዚል ተነስቼ፣ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳሪየን ጫካ በእግሬ አቋርጬ፣ አንተ የምትወርድበትን እኔ ወጥቼዋለሁ። ስለ መኪና ወረቀት የምነግርህ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልበል።

በሜክሲኮ ደቡብ ጫፍ ያለችው ታፓቹላ ስትደርስ ሐበሻ ታገኝ ይሆናል። አማርኛ ስትሰማ ልብህ ይሸበራል። ቴኩን ኡማን በሚባለው በኩል ከተሻገርክ ሱቺያቴ ወንዝ ነው፣ አንተ በድልድዩ ላይ ስትሄድ ከታች ሰዎች የከባድ መኪና የውስጥ ጎማ ላይ ሳንቃ አስረው ሲሻገሩ ታያለህ። በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ ዳሪየንን ከ500 ሺህ በላይ ሰው ነው ያቋረጠው፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የእኛም ልጆች ነበሩ። አሁን ቁጥሩ በጣም ቢቀንስም መንገድ ላይ የቀረ ሰው አይጠፋም።

መኪናህ ላይ አታሳፍር። ይህን የምልህ ያኔ ባሳፈረኝ ብዬ ስለምን የነበርኩት እኔ ነኝ። ከታፓቹላ ወደ ላይ ኬላው ብዙ ነው፣ ወረቀት የሌለው ሰው ጭነህ ከተገኘህ ሰው አዘዋዋሪ ትባላለህ፣ መኪናህም አንተም ትያዛላችሁ፣ ያሳፈርከውም ልጅ የባሰ ይገጥመዋል። ይልቅ ቁም። ውኃ ስጥ፣ ምግብ ግዛለት፣ ጫማውን እየው፣ ካለህ ጫማ ግዛለት። ስልክህን ስጠውና እናቱ ጋ ይደውል። ለእኔ አንድ የማላውቀው ሰው ይህን አድርጎልኛል፣ እናቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ሆና ድምፄን የሰማችው በዚያ ስልክ ነው።

የጠባሴ ልጅ

መንዜው፣ ወንድሜ፣ ያልከውን ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ ሁለታችንም ዝም አልን። እንቆማለን፣ ቃሌ ነው።

እህተ አንኮበር፣ ታይትሉን በሁለታችንም ስም እናዞራለን። የእኔም ስም ገብረ አለበት፣ ፓስፖርቴ ላይ ተከፍሏል፣ መንጃ ፈቃዴ ላይ ተገጥሟል፣ አሁን ነው ያየሁት። የባንኩንም ዕዳ ከፍዬ እጨርሳለሁ።

የቀረኝ መቼ ልነሳ የሚለው ነው። ለመስቀል እዚሁ ነኝ፣ ከዚያ ሂዩስተን እመለሳለሁ። ጥቅምት ላይ ብነሳስ? ከቤትስ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቋንጣና ቅቤ ይዘን ልንሄድ ነበር፣ ያስገባሉ?

እህተ አንኮበር

ጥቅምት አይሁን። የእኛ ክረምት ሲወጣ የእነሱ ገና ነው። ከግንቦት እስከ ኅዳር ይዘንባል፣ መስከረምና ጥቅምት ደግሞ የባሰው ነው፣ መንገድ በናዳ ይዘጋል። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ደረቅ ነው። የእነሱ ገና ታኅሣሥ 16 አካባቢ ስለሆነ በዚያ ሳምንት ድንበር ላይ አትገኝ፣ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ዘመዱ ይሄዳል። የስቅለት ሳምንታቸውም እንደዚያው ነው፣ ፋሲካቸው ከእኛ ጋር በየዓመቱ አይገጥምምና ቀኑን ቀድመህ እይ። ጥር ላይ ብትነሳ ጥሩ ነው። ጥምቀትን ሂዩስተን አክብራችሁ ውጡ።

ቋንጣና ቅቤ ተዉት። ሥጋና የወተት ውጤት ድንበር ላይ ያስጥላሉ፣ ፍራፍሬም እንደዚሁ። ሽሮና በርበሬ በደንብ ታሽጎ፣ በስፓኒሽ ምን እንደሆነ ተጽፎበት ከሆነ እኛ አልፎልናል፤ ካዩት አሳዩ፣ አትደብቁ። ዳቦ ቆሎ ያዙ። ወረፋ ላይ የእኛ ልጆች ለጉምሩኩ ሰው ዘግነው ሰጥተውት ነበር፣ ወደደው። ኢትዮጵያ ከመጣህ ብዙም ሳትቆይ ስለምትሄድ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድህን ከፓስፖርትህ ጋር አድርግ፣ አገራችን በዓለም ጤና ድርጅት የቢጫ ወባ አገሮች ዝርዝር ላይ ናት።

ታች ደብረ ሲና

የመጨረሻ ከእኔ። መንገድ መዘጋት አለ። ሰልፍ ሲወጡ የሚዘጉት ያንኑ ፓን አሜሪካን ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ላይ ጓቲማላ ተዘጋ፣ ወዲያው ፓናማ በመዳብ ማዕድኑ ውል ምክንያት ለሳምንታት ተዘጋች። ኒካራጓ ባለ 30 ቀን ፈቃድ ይዘህ እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ ቀኑ ያልቅብሃል። ስለዚህ የፈቃድህን የመጨረሻ ቀን አትጠብቅ፣ ሁልጊዜ ሳምንት ትርፍ ይኑርህ። ጠዋት ከመነሳትህ በፊት ሆቴሉን ጠይቅ፣ ከኢንተርኔት እነሱ ይቀድማሉ።

ከኮስታ ሪካ ስትወጣ የመውጫ ክፍያ 8 ዶላር አካባቢ አለ፣ ከመስኮቱ በፊት ነው የሚከፈለው። የፓናማ ድንበር ፓሶ ካኖአስ ስትደርስ ደግሞ ሰዓትህን አስተካክል፣ ፓናማ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ከኮስታ ሪካ ከቀኑ 10 ሰዓት የወጣህ መስሎህ ፓናማ ስትገባ 11 ሰዓት ነው፣ የኢንሹራንስ መስኮቱ ሊዘጋብህ ይችላል።

የጠባሴ ልጅ

ከፓናማ ከተማ ወዲያ ያለው መንገድስ? መጨረሻው ድረስ ብንነዳ?

ታች ደብረ ሲና

መንገዱ ያቪዛ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ጫካ ነው፣ መንገድ የለም፣ መንዜው ያለፈበት እሱ ነው። ወደ ኮሎምቢያ የሚቀጥሉት መኪናቸውን ከኮሎን በመርከብ ነው የሚልኩት። ወደ ያቪዛ መቃረቢያ ላይ የጠረፍ ፖሊስ ኬላ አለ፣ ወረቀትህን ያያሉ፣ ለምን መጣህ ይሉሃል። እኔ ከፓናማ ከተማ ነው የተመለስኩት። የቦዩን ድልድይ፣ በ1962 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን፣ በመኪናህ ተሻገረው፣ መርከቦቹ ከታች ሲጠብቁ ታያለህ። መነሻ ቀንህን ስትቆርጥ እዚሁ ጻፍልን፣ የጓቲማላና የኒካራጓ ፎርሞችን አብረን እንሞላለን። ኒካራጓ ከመድረስህ ቀናት በፊት በኢንተርኔት ቀድሞ መሞላት ያለበት ፎርም አላት።